በአንድ ነጥብ የተሸነፈ ልጅ ማስረጃ ይገባዋል

ወዳጆች፣ ይሄ ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡና አስቀርባችሁ አንብቡት። የቀድሞ ተማሪዎቼ ደግሞ መጨረሻ ላይ የቤት ሥራ አለላችሁ። ሳታነቡ ላይክ አድርጋችሁ ሹልክ እንዳትሉ፤ አውቃችኋለሁ።

በዓል በመጣ ቁጥር በየቴሌቪዥኑ የጥያቄና መልስ ውድድር አለ። ሁለት ጎበዝ ልጆች ይቀርባሉ። ነጥባቸው አንገት ለአንገት ነው። የመጨረሻው ጥያቄ ይጠየቃል። አንዱ ይመልሳል። አቅራቢው ካርዱን አየት ያደርግና "ይቅርታ፣ አልተመለሰም" ይላል። ጭብጨባ፣ ሙዚቃ፣ ማስታወቂያ። የተሸነፈው ልጅ ለምን እንደተሸነፈ አያውቅም። እኛም አናውቅም። ካርዱ ያውቃል።

እኔ የምለው አጭር ነው። መልሱ አቅራቢው እጅ ላይ ባለ ካርድ ውስጥ ብቻ የሚኖርበት ውድድር ለልጆቻችን መጥፎ ትምህርት ነው። የሚያስፈልገን ተመልካቹ እቤቱ ቁጭ ብሎ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ፣ ራሱ አጣርቶ "አዎ፣ ልክ ነው" የሚልበት ውድድር ነው። እንዲህ ያለው ውድድር በሌላው ዓለም ከኖረ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። የፊደልና የቁጥር ውድድር ነው። በአማርኛ አይሆንም የሚሉኝ አሉ። ይሆናል እላለሁ፤ ስሌቱንም እዚሁ አሳያችኋለሁ።

መጀመሪያ ጨዋታውን ላስተዋውቃችሁ።

ነገሩን የጀመሩት ፈረንሳዮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1965 "ረጅሙ ቃል" የሚል የቴሌቪዥን ጨዋታ አወጡ። በ1972 ቁጥር ጨመሩበትና "ቁጥሮችና ፊደላት" አሉት። እስከ 2024 ድረስ በቴሌቪዥናቸው ኖሯል። እንግሊዞች ወሰዱትና "ካውንትዳውን" ብለው ሰየሙት። ቻናል ፎር የሚባለው ጣቢያቸው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 1982 ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ ያስተላለፈው ፕሮግራም ይሄው ነበር። እስከ ዛሬም አለ።

አጨዋወቱ ቀላል ነው። ዘጠኝ ፊደላት ይወጣሉ። በ30 ሰከንድ ውስጥ ከእነሱ ረጅሙን ቃል የሠራ ያሸንፋል። የቁጥሩ ዙር ሲደርስ ስድስት ቁጥሮች ይወጣሉ። ትንንሾቹ ከ1 እስከ 10 ናቸው፤ ትልልቆቹ 25፣ 50፣ 75 እና 100። ከዚያ ማሽን አንድ ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ያወጣል። መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛት፣ ማካፈል፤ እያንዳንዱን ቁጥር አንዴ ብቻ እየተጠቀሙ እዚያ ቁጥር ላይ መድረስ ነው። በትክክል የደረሰ 10 ነጥብ ያገኛል። ማንም በትክክል ካልደረሰ የቀረበው ይወስዳል፦ እስከ 5 ልዩነት 7 ነጥብ፣ ከ6 እስከ 10 ልዩነት 5 ነጥብ።

ምሳሌ ላውጣ። ቁጥሮቹ 75፣ 50፣ 6፣ 4፣ 3፣ 2 ናቸው እንበል። የሚፈለገው 463።

አንዱ ልጅ 75 በ6 አባዝቶ 450 አለ። 4 በ3 12 ነው። ደመረና 462 ላይ ደረሰ። አንድ ጎደለው። አጠገቡ ያለችው ልጅ ደግሞ 450 ላይ የ50ን ግማሽ፣ 25ን፣ ጨመረች፤ 475። ከዚያ 12 ቀነሰች። 463። አሥሩን ነጥብ እሷ ወሰደች፤ እሱ ባዶ እጁን ቀረ።

አያችሁ? ልጁ በአንድ ቁጥር ተሸነፈ። ግን የተሸነፈበትን ምክንያት ሰሌዳው ላይ ያየዋል። እናቱም ታየዋለች። ዓለም ከተማ ቤቷ ቁጭ ብላ የምታይ ልጅም ታየዋለች። ዳኛው አድልቷል የሚል የለም፤ ዳኛው ስሌቱ ነው። ልጁ ቅር ቢለውም ተምሮ ይሄዳል። ሁለተኛ ጊዜ 50ን ሲያይ ግማሹን ያስባል።

በእንግሊዞቹ ዘንድ እ.ኤ.አ. በ1997 የሆነ አንድ ነገር አለ፤ ቪዲዮው እስካሁን በየማኅበራዊ ሚዲያው ይዞራል። ቁጥሮቹ 25፣ 50፣ 75፣ 100፣ 3 እና 6 ናቸው። የሚፈለገው 952። አንዱ ተወዳዳሪ ደርሻለሁ አለ። 100 ሲደመር 6፣ 106። በ3 ሲባዛ 318። በ75 ሲባዛ 23,850። ሲቀነስ 50፣ 23,800። ለ25 ሲካፈል... 952! በ30 ሰከንድ! የቁጥሩ ኃላፊ ካሮል ቮርደርማን ሰሌዳው ላይ እየጻፈች ተከተለችው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ማንም ካርድ አላየም። የሂሳቡ ባለሙያ ራሷ የተወዳዳሪውን መንገድ እየተከተለች ነው ያጣራችው። ልጁ ዳኛውን አስተማረ። በእኛ ውድድር ተወዳዳሪ ዳኛውን ሲያስተምር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ቢሞክርም ማይክ ይወሰድበታል።

ጠባብ ፉክክር የውድድሩን ጤንነት የሚያሳይ ነገር ነው የምለው ለዚህ ነው። የነጥብ ልዩነቱ 30 ሲሆን ማንም ጥያቄ አያነሳም፤ አሸናፊው ያሸንፋል፣ እኛም እናጨበጭባለን። ልዩነቱ አንድ ነጥብ ሲሆን ግን ሁሉ ነገር ይፈተሻል። ጥያቄው ግልጽ ነበር ወይ? ሌላ ትክክለኛ መልስ አልነበረም ወይ? ደወሉን ቀድሞ የነካው ማን ነው? ካርዱን የጻፈው ማን ነው? እንግሊዞቹ ይሄን አውቀውታል። የመጨረሻው ዙራቸው ፊደሎቹ የተበታተኑ አንድ ባለ ዘጠኝ ፊደል ቃል ነው፤ ቀድሞ የፈታው 10 ነጥብ ያገኛል። ከዚያ በፊት ልዩነቱ 10 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሁሉም ነገር በዚያች በአንዲት ቃል ይወሰናል። መልሱ ሲገለጥ ሁሉም ሰው ፊደሎቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ "አሃ!" ይላል። የተሸነፈውም "አሃ!" ይላል።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ።

ከዓመታት በፊት አንዲት ተማሪዬን ይዤ ወደ አንድ ውድድር ሄጄ ነበር። የአዘጋጁን ስም አልጠቅስም፤ የምወቅሰው አሠራሩን ነው፣ እሱ ደግሞ የሁሉም ነው። ሁለት ነጥብ የሚያስገኝ የመጨረሻ ጥያቄ መጣ። "የአማርኛ ፊደል ከነእርባታው ስንት ነው?" ልጅቷ አሰበችና "238" አለች። ካርዱ "231" ይላል። አለቀ። በሁለት ነጥብ ወደቀች።

እስቲ እናስላው። 33 ፊደላት በሰባት እርባታ 231 ይሆናሉ። "ቨ"ን ከጨመርን ደግሞ 34 ጊዜ 7፣ 238። "ቋ"ን፣ "ጓ"ን፣ "ሏ"ን የመሳሰሉትን ዲቃላዎች ብንቆጥር ሌላ ቁጥር ይመጣል። ልዩነቱ ቆጠራው የቱን እንደሚጨምር ነው። ልጅቷ ይሄን ሁሉ በጭንቅላቷ ሠርታዋለች፤ ልታስረዳ አፏን ስትከፍት ጊዜ አልቋል ተባለች። ስንመለስ ጀማን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር "ጋሼ፣ ለምን አላሰሉትም?" አለችኝ። ለምን ተሸነፍኩ አላለችም። ለምን አላሰሉትም ነው ያለችው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይሄው ነው፤ ከእኔ ይልቅ እሷ አሳጥራ ተናግራዋለች።

አንዳንዱ ሰው "ባህላችን ነው፣ እኛ አገር ሽምደዳ ነው ያለው" ይላል። ውሸት! ሽምደዳው መጤ ነው እንዳልል ዳዊት ደጋሚው ይታዘበኛል። ቃል በቃል መያዝ አለን፤ ጥሩም ነው። ግን ከእሱ በላይ ሌላም ነገር አለን።

እንቆቅልሽን አስቡ። "እንቆቅልሽ!" "ምን አውቅልህ!" ካልመለስክ "አገር ስጠኝ" ትባላለህ፤ ጎንደርን ወይ ሐረርን ሰጥተህ ትገላገላለህ። ከዚያ መልሱ ይነገራል። መልሱ የማይመስል ከሆነ ግን ማን ዝም ይላል? እንኳን ትልቁ ትንሹም "ኧረ ይሄ አይሆንም!" ብሎ ይጮሃል። አገሩን ያስመልሳል። የእንቆቅልሽ መልስ ራሱን በራሱ ማስረዳት አለበት። የምሽቱ እሳት ዙሪያ የተቀመጠው ሁሉ ዳኛ ነው።

ቅኔ ቤትን አስቡ። ተማሪው የትናንቱን ደግሞ አይመጣም፤ ነውር ነው። አዲስ ቆጥሮ መጥቶ በመምህሩ ፊት ይናገራል። መምህሩ ያርመዋል። ቤቱ መምታቱ፣ ሰሙና ወርቁ መግጠሙ እዚያው ይታያል። ካርድ የለም። የዛሬው ጥሩ ቅኔ ከመምህሩ ጭንቅላት ውስጥ አስቀድሞ አልነበረም።

የድሮውን ሙግት አስቡ። "በላ ልበልሃ" ብለው መንገድ ላይ የተጣሉ ሰዎች ያገኙትን ሽማግሌ ዳኛ አድርገው ዛፍ ሥር ይቆማሉ። አላፊ አግዳሚው ይሰማል። ዳኛው ቢያዳላ አገር ያውቅበታል። እንዲህ ያለ ሕዝብ "ካርዱ ላይ እንዲህ ይላል" ሲባል አንገቱን ደፍቶ የሚሄደው ከመቼ ወዲህ ነው?

አሁን ደግሞ ትልቁ ተቃውሞ። "ጋሼ፣ የፈረንጅ ፊደል 26 ነው፤ አናባቢውና ተነባቢው ተለይቶ ይወጣል። የእኛ ፊደል እርባታ አለው። ዘጠኝ ፊደል ብታወጣ ቃል አይወጣም" የሚል። ይሄን የሚሉት የማከብራቸው ሰዎች ናቸው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው።

መልሴ ይሄ ነው። ፊደሉን በቤተሰብ እናውጣው። "በ" ከወጣ ተወዳዳሪው በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ፣ ብ፣ ቦ ከሚሉት የፈለገውን ይጠቀም፤ ግን አንዴ ብቻ። ቋንቋችን እኮ እንደዚህ ነው የተሠራው። ሥሩ አንድ ነው፤ እርባታው ይለዋወጣል። ሰበረ፣ ሰባራ፣ ስብራት፣ ስባሪ። ልጅ ፊደልን በቤተሰብ ማየት ሲለምድ የቋንቋውን አጥንት ነው የሚያየው።

እንሞክረው። መ፣ ከ፣ ረ፣ ተ፣ በ፣ ለ፣ ሰ፣ ነ፣ ደ ወጡ እንበል። ሦስተኛ ክፍል ያለ ልጅ "ከተማ" ይላል፤ ሦስት ፊደል። ትንሽ የቆየው "መርከብ"፣ "ምስክር"፣ "ደብተር"፣ "ድንበር" ይላል፤ አራት። ጎበዙ "መሰናክል" ብሎ አምስት ያስቆጥራል። ከዚያ አንዷ ብድግ ብላ "ስትደናበር" ብትልስ? ስ፣ ት፣ ደ፣ ና፣ በ፣ ር። ስድስት! በአንድ ነጥብ አሸነፈች።

አሸነፈች ወይ? እዚህ ጋ ነው ደስ የሚለው። መዝገበ ቃላት ብትገልጡ የምታገኙት "ተደናበረ" ነው፤ አምስት ፊደል። መዝገበ ቃላት ላይ ያለው ብቻ ይቆጠር ከተባለ "መሰናክል" እና "ተደናበረ" አምስት ለአምስት እኩል ናቸው። የተረባው ሁሉ ይቆጠር ከተባለ ልጅቷ ረታች። የትኛውን እንምረጥ? በየትኛውም ይሁን፤ ሕጉ ከውድድሩ በፊት ጮክ ተብሎ ይነገር። የእኔን ምርጫ ከጠየቃችሁኝ መዝገበ ቃላት ላይ የቆመውን ነው የምለው። አለበለዚያ በአማርኛ "ስላልተደናበሩብንም" ብሎ የሚመጣ አይጠፋም፤ ያን ጊዜ ጨዋታው ቅጥያ መቀጠል ብቻ ይሆናል።

ዳኛውስ? ዳኛ የሚሆኑ መጻሕፍት አሉን። የከሣቴ ብርሃን ተሰማ መዝገበ ቃላት በ1951 ዓ.ም. የታተመ ነው። የደስታ ተክለ ወልድ "ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት" በ1962 ዓ.ም.። በ1993 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል ያዘጋጀው ወጣ። ስንት ተማሪ ነው እነዚህን በእጁ የነካው? እንግሊዞቹ በየቀኑ አንዲት የመዝገበ ቃላት ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣሉ። ሱዚ ዴንት እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ እዚያ ተቀምጣ ቃሉ ከየት እንደመጣ ትናገራለች። እኛ ስንት የቋንቋ መምህር አለን፣ ስንት ሊቅ አለን፣ አንድ ቀን ካሜራ ፊት ተቀምጦ "ይሄ ቃል ከግእዝ መጣ፣ ይሄ ከዐረብኛ፣ ይሄ ከጣልያን" እንዲል ተጠይቆ የማያውቅ! "መዝገበ ቃላት" የሚሉት ነገር ልጆቻችን ፊት በየሳምንቱ ቢገለጥ ስንት ያተርፋል?

"ሀ"ና "ሐ"ና "ኀ"፣ "ሰ"ና "ሠ"፣ "አ"ና "ዐ"፣ "ጸ"ና "ፀ"ስ? በዚህም ሰው ይጣላል። የራሳችንን ከተማ ስም አንዱ "ዓለም"፣ ሌላው "አለም" እያለ ይጽፈዋል። ለጨዋታው ሞክሼዎቹ እንደ አንድ ይቆጠሩ። ባለሙያው ግን ትክክለኛውን አጻጻፍ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። ልጁ ነጥቡን ያገኛል፣ ዕውቀቱንም ያገኛል። ማንም አይጎዳም።

"አማርኛ አፉን ያልፈታበት ልጅስ?" የምትሉኝ ልክ ናችሁ። እኔም አማርኛ ብቻ አላልኩም። ኦሮምኛ በቁቤ ስለሚጻፍ የፈረንጆቹ ሕግ ብዙም ሳይነካ ይሠራለታል። ትግርኛ ፊደሉ ከእኛው ጋር አንድ ነው። በየቋንቋው የየራሱ ይዘጋጅ። ቁጥሩ ግን ለሁሉም አንድ ነው፤ 463 በየትኛውም ቋንቋ 463 ነው። ከመርሐቤቴ የመጣ፣ ከወለጋ የመጣ፣ ከአድዋ የመጣ ልጅ አንድ ሰሌዳ ፊት እኩል የሚቆምበት ቦታ ስንት አለን?

እኩል ስል በምክንያት ነው። "የእንትን አገር ዋና ከተማ ማን ይባላል?" የሚለው ውድድር ከመጀመሩ በፊት ግማሹ አልቋል። ቤቱ ኢንተርኔት ያለው፣ ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ያለው ልጅ ቀድሟል። የገጠሩ ልጅ ደደብ ስለሆነ አይደለም የሚወድቀው፤ ካርዱን የጻፈው ሰው ያነበበውን መጽሐፍ ስላላገኘ ነው። በቁጥር ጨዋታ ግን ስድስቱ ቁጥሮች ለሁለቱም በአንድ ሰከንድ ይገለጣሉ። ማንም ቀድሞ አላነበባቸውም። እንዲያውም ገበያ ቁጭ ብላ "ሦስት ጣሳ በዚህን ያህል፣ ግማሹን በዱቤ፣ የመልሱ መልስ ይሄን ያህል" እያለች የምታሰላ እናት ያሳደገችው ልጅ ይቀድም ይሆናል። ገበጣ ሲጫወት የዋለውም እንደዚያው።

ወደ ሌላው ተቃውሞ ልለፍ። "ጋሼ፣ ጨዋታ እኮ ነው! ምን ታካብዳለህ?"

ይሄን ሌላ ቦታ በሉት። ዓለም ከተማ ቆማችሁ ግን እንዳትሉት! ለምን? እ.ኤ.አ. ሜይ 16 ቀን 1981 ካርልሃይንዝ በም የሚባል የፊልም ተዋናይ በጀርመን ቴሌቪዥን "ቬተን ዳስ" የሚባል የውርርድ ጨዋታ ላይ ቀረበ። ውርርዱ ይሄ ነበር፦ "ከሦስት ተመልካች አንዱ እንኳ በሳህል ላሉ ችግረኞች አንድ ማርክ፣ ወይም አንድ ፍራንክ፣ ወይም ሰባት ሽልንግ አይሰጥም።" ውርርዱን እሱ ረታ፤ ከሦስት አንዱ አልሰጠም። የተሰበሰበው ግን ከአንድ ሚሊዮን ማርክ በላይ ነበር። በዚያው ዓመት ወደ ኢትዮጵያ መጣ፣ "ሰዎች ለሰዎች"ን መሠረተ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1992 መርሐቤቴ ገባ። እናት ሆስፒታልን ያያችሁ፣ እዚያ የወለዳችሁ፣ እዚያ የተወለዳችሁ ተማሪዎቼ፣ የነገሩ መነሻ አንድ ቅዳሜ ምሽት የታየ የቴሌቪዥን ጨዋታ ነው። ቴሌቪዥን ላይ የሚጫወቱት ነገር የት እንደሚደርስ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል?

ደግሞ ያን ውርርድ ልብ በሉት። ግልጽ ነበር። ስንት ተመልካች፣ ስንት ማርክ፣ ከስንት አንዱ። ማንም ቆጥሮ ማን እንደረታ ማወቅ ይችላል። ሰውየው "ረታሁ" ሲል ያሳፈረው ተመልካቹን ነበር፤ ቁጥሩ ፊት ለፊት ስለነበረ።

"ስፖንሰር አይገኝም፤ ሽልማት ከየት ይመጣል?" ትሉኝ ይሆናል። የእንግሊዞቹን ታዋቂ ሽልማት ታውቃላችሁ? የሻይ በራድ ነው። አንድ የሻይ በራድ፣ ሰዓቱ የተሳለበት! ሰው ለእሱ ብሎ ወራት ይለማመዳል። ልጅ የሚፈልገው መኪና አይደለም። በሚገባው መንገድ ማሸነፍ ነው የሚፈልገው። የእኛ አዘጋጆች በራድ ከከበዳቸው አንድ መዝገበ ቃላት ይሸልሙ። ስቱዲዮም ብዙ አይጠይቅም፤ ሰሌዳ፣ ጠመኔ፣ ሰዓት፣ የተቆረጠ ካርቶን። እንዲያውም ቴሌቪዥን እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። የትኛውም ክፍል ውስጥ አርብ ከሰዓት ይቻላል።

አሁን የሚያመኝን ልናገር።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ከዚያ ወዲህ ከፍ ቢልም በ2016 የነበረው 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ነው። ይሄን ያመጣው የበዓል ውድድር ነው አላልኩም፤ እንዳታጣምሙብኝ። ግን ሁለቱም ከአንድ ወንዝ ይቀዳሉ። ለዓመታት ልጁን "መልሱ ምንድነው?" እያልን ጠየቅነው። "እንዴት ደረስክበት?" ብለን አልጠየቅነውም። መልሱን ከጓደኛው ቀዳ፣ ከአጋዥ መጽሐፍ ሸመደደ፣ ከስልክ ላከበት። ኩረጃው ሲዘጋ ባዶውን ቀረ። መልስ ይቀዳል፤ መንገድ ግን አይቀዳም። ሰሌዳ ፊት ቆሞ 23,800ን ለ25 የሚያካፍል ልጅ ከማን ይኮርጃል?

ከዚህ የባሰም አለ። በክልላችን በጦርነቱ ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። የትምህርት ዘመኑ ያለፋቸው፣ እኩዮቻቸው የቀደሟቸው ልጆች አሉ። ለእነዚህ ልጆች መጽሐፍ ማድረስ ላይቻል ይችላል። ስድስት ቁጥርና ዘጠኝ ፊደል ግን በሬዲዮም ይነገራል፤ በመሬት ላይም በእንጨት ይጻፋል። ታላቅ እህት ለታናሽ ወንድሟ ማውጣት ትችላለች። ልክ መሆኑን ለማወቅ አስተማሪ አይጠብቁም። ይሄ ትምህርት ቤትን ይተካል የሚል የዋህ አይደለሁም። ግን ልጁ "ልክ ነኝ፣ ላሳይህ እችላለሁ" ማለትን እንዳይረሳ ያደርገዋል። ይህቺን ቃል የረሳ ልጅ ትምህርት ቤቱ ቢከፈትም መመለሻው ሩቅ ነው።

ልጆች ከእኛ የሚማሩት እኮ ትምህርቱን ብቻ አይደለም። ማን ልክ እንደሚባልና ለምን ልክ እንደሚባል ይማራሉ። "ካርዱ ስላለ" ብሎ የተሸነፈ ልጅ ነገ ቢሮ ሲቆም "አለቃ ስላለ" ሲባል አይገርመውም። "እስቲ አሳየኝ" ማለትን አላስተማርነውማ። በአንድ ነጥብ ተሸንፎ ሰሌዳውን አይቶ "አሃ፣ ገባኝ" ያለ ልጅ ግን ነገ የተከለከለበትን ምክንያት ይጠይቃል፤ ሲያስረዱት ደግሞ ይቀበላል። ሁለቱንም ነው የምንፈልገው። መጠየቅ የማይችል ሕዝብ ይገዛል፤ ሲረታ መቀበል የማይችል ሕዝብ ይዋጋል። ሁለቱንም አይተናል።

ስለዚህ የምጠይቀው ይሄን ነው።

የቴሌቪዥን ሰዎች፦ ካርዳችሁን አልቀማችሁም። ግን መልሱን ስትናገሩ ምክንያቱን ጨምሩ። ልዩነቱ ጠባብ ከሆነ ተሸናፊው እንዲያስረዳ 30 ሰከንድ ስጡት። ከቻላችሁ ደግሞ በሳምንት ግማሽ ሰዓት ለፊደልና ለቁጥር መድቡ።

መምህራን፦ አርብ ከሰዓት ሃያ ደቂቃ በቂ ነው። የሂሳብና የአማርኛ መምህር አንድ ላይ ግቡ። ደግሞ ተማሪ ቢቀድማችሁ ደስ ይበላችሁ።

ወላጆች፦ ልጃችሁ "መልሱ ይሄ ነው" ሲላችሁ "ጎበዝ" ከማለታችሁ በፊት "እንዴት አወቅክ?" በሉት።

እናንተ የቀድሞ ተማሪዎቼ ደግሞ፣ ቃል በገባሁት መሠረት የቤት ሥራችሁ እነሆ፦

ቁጥሮች፦ 100፣ 25፣ 8፣ 7፣ 5፣ 1። የሚፈለገው 867። ሁሉንም መጠቀም ግዴታ አይደለም፤ አንዱን ሁለቴ መጠቀም ግን ክልክል ነው።

ፊደላት፦ መ፣ ረ፣ ሐ፣ በ፣ ተ፣ ነ፣ ደ፣ ገ፣ ለ። በቤተሰብ ነው፤ እያንዳንዱ አንዴ። መዝገበ ቃላት ላይ የቆመ ቃል ይሁን። የቦታ ስም አይፈቀድም፤ "መርሐቤቴ" ብላችሁ አምስት ነጥብ ልትቀሙኝ እንደምታስቡ አውቃለሁ።

30 ሰከንድ። ኮሜንት ላይ መልሱን ብቻ የጻፈ ዜሮ ነው። መንገዱን ጻፉ፤ ሌላው ሰው ያጣራው። የእኔን መልስ አልሰጣችሁም፣ ምክንያቱም አያስፈልጋችሁም። ልክ ስትሆኑ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።